ዚንኩ ወዴት ሄደ?

በ1780ዎቹ ቦሎኛ ከተማ ውስጥ ሉዊጂ ጋልቫኒ የተባለ የአናቶሚ መምህር የእንቁራሪት እግር እየገፈፈ፣ ነርቩን እየገለጠ ይመረምር ነበር። (ዓመታቱና ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ዓ.ም. ያልኩበት ብቻ የኢትዮጵያ ነው።) ባለቤቱ ሉቺያ ጋሌያትሲ የአናቶሚ ሊቅ ልጅ ነበረች፤ በሙከራውም ትረዳው ነበር። አንድ ቀን ረዳቱ የእንቁራሪቱን ነርቭ በቢላ ጫፍ ሲነካ፣ በክፍሉ የነበረው የኤሌክትሪክ ማሽን በዚያው ቅጽበት ብልጭ አለና የሞተው እግር ተፈናጠረ። ጋልቫኒ ይህን ነገር ለዓመታት አልተወውም። በ1786 እግሮቹን በነሐስ ሜንጦ ወግቶ በብረት አጥር ላይ ሰቀላቸው፤ የመብረቅ ኤሌክትሪክ ጡንቻን ያንቀሳቅስ እንደሆነ ለማየት ነበር። በነጎድጓድ ጊዜ እግሮቹ ተፈራገጡ፤ ይህን ጠብቆት ነበር። ያልጠበቀው ግን ሰማዩ በጠራበት ቀን ሜንጦውን ወደ አጥሩ ሲጫነው የሆነው ነው። ደመና የለም፣ ማሽን የለም፤ እግሮቹ ግን ዘለሉ።

ኃይሉ ከየት መጣ? ጋልቫኒ መልሱን ያገኘ መሰለው። በ1791 ባሳተመው ድርሳን ኤሌክትሪኩ ከእንስሳው ከራሱ የሚወጣ ነው፤ ጡንቻ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቀመጣል፤ ብረቱ መውጫ መንገድ ብቻ ይሰጠዋል አለ። ሉቺያ ቀድማ ሞታ ስለነበር የድርሳኑን መታተም አላየችም።

ድርሳኑ ፓቪያ ደረሰ። በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበረው የኮሞው ተወላጅ አሌሳንድሮ ቮልታ ሙከራውን ደገመው፤ ተደነቀ፤ አመሰገነም። ዓመት ሳይሞላ ግን ጥርጣሬ ገባው። ሜንጦውና አጥሩ ከአንድ ዓይነት ብረት ሲሠሩ እግሩ እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ ከሁለት ዓይነት ሲሆኑ ይዘላል። ኤሌክትሪኩ የእንቁራሪቱ ከሆነ የብረቱ ዓይነት ለምን ይለያያል? ቮልታ እንቁራሪቱን ትቶ የገዛ ምላሱን ተጠቀመ። ስስ የቆርቆሮ ቅጠል በምላሱ ጫፍ፣ የብር ሳንቲም ወደ ኋላ አድርጎ ሁለቱን አገናኛቸው፤ አፉን የሚመጥጥ ጣዕም ሞላው። ከዚህ በኋላ ለቮልታ እንቁራሪቱ የኤሌክትሪክ ምንጭ መሆኑ አከተመ፤ በጣም ጥቂቱን እንኳ የሚለይ መለኪያ ብቻ ሆነ። ምንጩ የሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች መነካካት ነው ብሎ ደመደመ።

እኔ ይህን ክርክር ሳነብ ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ፣ ሁለቱም የእውነቱን ግማሽ በእጃቸው ይዘው ሌላውን ግማሽ አለማየታቸው ነው። ጋልቫኒ እርጥቡን ሥጋ አየ፤ ቮልታ ሁለቱን ብረቶች አየ። በመካከላቸው ያለውን ጨዋማ እርጥበትና ብረቱ ራሱ በዚያ እርጥበት ውስጥ ምን እንደሚሆን ግን ሁለቱም አልጠየቁም።

የጠየቁ ሌሎች ነበሩ። ፓሪስ ውስጥ አንቷን ላቯዚዬ የሚነድ ነገር ሁሉ ከአየር ኦክሲጅን እንደሚወስድ፣ ብረት ሲዝግም እንዲሁ ከኦክሲጅን ጋር እንደሚዋሐድ አስተምሮ ነበር። በ1794 አብዮቱ አንገቱን ቢቆርጠውም ትምህርቱ አውሮፓን አዳርሶ ነበር። ብረት ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ ኦክሲዴሽን ተባለ፤ ኦክሲጅኑን አጥቶ ወደ ንጹህ ብረትነቱ ሲመለስ ደግሞ ሪዳክሽን። የፍሎረንሱ ጆቫኒ ፋብሮኒ በዚህ መነጽር አይቶ፣ ሁለት ብረቶች ውሃ ውስጥ ተነካክተው ሲቀመጡ አንደኛው ብቻውን ከሚሆነው ፈጥኖ እንደሚዝግ አስተዋለና ከነገሩ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ኬሚስትሪ ሳይሆን አይቀርም አለ። በጀርመን፣ የና ከተማ፣ ዮሐን ሪተር የተባለ ወጣት ከዚያም አልፎ ሄደ፦ ቮልታ ብረቶቹን በኤሌክትሪክ ኃይላቸው የደረደረበት ቅደም ተከተል፣ ብረቶቹ ኦክሲጅን ለመውሰድ ካላቸው ጉጉት ቅደም ተከተል ጋር አንድ መሆኑን አሳየ። የሰማው ጥቂት ነው። ሪተር የራሱን ዓይንና ሰውነት በኤሌክትሪክ እየፈተነ ጤናውን ጎድቶ በ33 ዓመቱ ሞተ።

ጋልቫኒም ዕድሜው አላደለውም። የናፖሊዮን ጦር ሰሜን ኢጣሊያን ሲይዝ የተቋቋመው ሪፐብሊክ መምህራኑን ቃለ መሐላ ጠየቀ፤ ጋልቫኒ ሕሊናዬ አይፈቅድም ብሎ እምቢ አለና ወንበሩን ተነጠቀ። በታኅሣሥ 1798 በወንድሙ ቤት ሞተ።

ቮልታ ግን ሥራውን ቀጠለ፤ መጋቢት 20 ቀን 1800 ከኮሞ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ለጆሴፍ ባንክስ በፈረንሳይኛ አንድ ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤው የገለጸው መሣሪያ ለማመን የሚያስቸግር ቀላል ነበር። ክብ የብር ዝርግ፣ በላዩ ክብ የዚንክ ዝርግ፣ በላዩ በጨው ውሃ የተነከረ ክብ ካርቶን፤ እንደገና ብር፣ ዚንክ፣ ካርቶን፤ እየተደራረበ እስከ ሠላሳና አርባ፣ ከዚያም በላይ። የክምሩን ላይኛውንና ታችኛውን ጫፍ በእርጥብ እጅ የነካ ሰው ይነዝረዋል፤ ደግሞ ቢነካ ደግሞ ይነዝረዋል። እስከዚያ ዘመን የነበሩት ማሽኖች በመፋተግ ያጠራቀሙትን ኤሌክትሪክ በአንድ ብልጭታ ይጨርሱ ነበር። ይህ ግን ማንም ሳይሞላው ያለማቋረጥ ይፈስሳል። በታሪክ የመጀመሪያው ባትሪ ይህ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቮልታ ፓሪስ ሄዶ በናፖሊዮን ፊት አሳየው፤ ተሸለመም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ቮልታ ደጋግሞ ባትሪውን አፍርሶ ሠርቷል፤ የዚንኩ ፊት ሲጠቁርና ሲቦረቦር በዓይኑ አይቷል። ለእርሱ ያ የካርቶኑ ጨው የሚያደርሰው ጉዳት እንጂ የኃይሉ ምንጭ አልነበረም። ብረት ብረትን ስለነካ ብቻ ኤሌክትሪክ ለዘላለም ይፈስሳል ብሎ ያምን ነበር። ከቶ ምንም ሳይጠፋ ኃይል ይገኛል ማለት ነው። ዚንኩ እያለቀ መሆኑን የቆጠረለት ሰው አልነበረም።

ባንክስ ደብዳቤው ሳይታተም ለወዳጆቹ አሳየው። ከእነርሱ አንዱ አንቶኒ ካርላይል የተባለ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነበር፤ ዊልያም ኒኮልሰን ከተባለ ሰው ጋር ሆኖ ወዲያው የራሱን ክምር ሠራ። ሽቦው ከክምሩ ጋር በደንብ እንዲገናኝ ብለው በመገናኛው ላይ የውሃ ጠብታ ቢያደርጉ አረፋ ሲወጣ አዩ፤ የሃይድሮጂን ሽታ የሚመስልም ሸተታቸው። ግንቦት 2 ቀን 1800 ሁለት የናስ ሽቦዎች ውሃ በሞላበት ቱቦ ውስጥ አስገቡ። በአንዱ ሽቦ ዙሪያ ሃይድሮጂን ፈላ፤ ሌላው ሽቦ ዛገ። ሽቦውን በማይዝገው ፕላቲነም ሲቀይሩት በዚያ በኩል ኦክሲጅን ወጣ። ቮልታ ደብዳቤውን ከጻፈ ስድስት ሳምንት ያህል እንዳለፈ ባትሪው ውሃን ለሁለት ከፈለው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ የኬሚስቶች ሆነ፤ ከሁሉም ቀድሞ የሮጠው ሃምፍሪ ዴቪ ነው። የኮርንዋል ልጅ ነው፤ ክምሩን ሲሰማ ገና 21 ዓመቱ ነበር። በዚያው በ1800 መጨረሻ አንድ ሙከራ ሠራ፤ እንደ እኔ አስተያየት ከኋለኛው ዝናው ሁሉ ይህ ይበልጣል። በክምሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ዚንኩን ኦክሲዳይዝ ማድረግ የማይችል ንጹህ ውሃ ሲሆን ክምሩ አይሠራም። ዚንኩን የሚበላ ፈሳሽ ሲደረግ ይሠራል፤ ይበልጥ በበላው ቁጥር ይበልጥ ይሠራል። መነካካት ብቻውን ኃይል አይሰጥም ማለት ነው። ዚንኩ ሲጠፋ ኤሌክትሪኩ ይመጣል።

ለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ከገባ በኋላ መንገዱን ገለበጠው። ኬሚካላዊ ለውጥ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ከሆነ፣ ኤሌክትሪክም ማንም ያልፈታውን ውህድ መፍታት አለበት። በዚያ ዘመን ፖታሽንና ሶዳን የፈታ ሰው አልነበረም። ዴቪ መጀመሪያ ፖታሹን በውሃ በጠበጠው፤ ያገኘው የውሃውን ሃይድሮጂንና ኦክሲጅን ብቻ ሆነ። በጥቅምት 1807 ውሃውን ትቶ፣ ደረቁን ፖታሽ አየሩ ጥቂት እስኪያረጥበው ጠብቆ፣ ሁሉንም ባትሪዎቹን በአንድነት አገናኘበት። ፖታሹ ቀለጠ፤ በአሉታዊው በኩል ሜርኩሪ የሚመስሉ የሚያብረቀርቁ ጠብታዎች ብቅ አሉ፤ አንዳንዶቹም እየፈነዱ በደማቅ ነበልባል ነደዱ። ረዳቱ የነበረው የአጎቱ ልጅ ኤድመንድ፣ ዴቪ በደስታ በክፍሉ ውስጥ እንደጨፈረ ተናግሯል። ጠብታው ፖታሲየም ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሶዲየም ተከተለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ካልሲየም፣ ባሪየም፣ ስትሮንቲየምና ማግኒዥየም።

ዴቪ በ1820ዎቹ የሠራው አንድ ሥራ ብዙ ሲነገርለት አልሰማም፤ እኔ ግን ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈልግም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቦች ከውሃ በታች የመዳብ ልባስ ነበራቸው፤ የባሕር ውሃ መዳቡን ይበላዋል። ዴቪ በመዳቡ ላይ ትንንሽ የዚንክ ወይም የብረት ቁራጮች እንዲታሰሩ አደረገ። ዚንክና ብረት ከመዳብ ይልቅ ለመበላት ይቸኩላሉ፤ ስለዚህ በእርሱ ፈንታ ይበላሉ፣ መዳቡ ይድናል። በኬሚስትሪ በኩል ስሌቱ ፍጹም ትክክል ነበር፤ መዳቡ መበላቱን አቆመ። ይሁንና መዳብ ጥቂት በጥቂት ሲሟሟ ባሕሩ ውስጥ የሚለቀው መርዝ ነበር የባሕር አረምና ዛጎል ለበስ ፍጥረታት መርከቡ ላይ እንዳይጣበቁ የሚከለክላቸው። መዳቡ ሲድን እነርሱ በዙበት፣ መርከቦቹም ከበዱና ዘገዩ። ባሕር ኃይሉ ቁራጮቹን አስነቀለ። ዛሬ ግን በብረት መርከቦች፣ መሬት ውስጥ በተቀበሩ የነዳጅና የጋዝ ቧንቧዎች፣ በየቤቱ የውሃ ማሞቂያ ውስጥ ሳይቀር በራሱ መበላት ሌላውን የሚያድን ዘንግ ይደረጋል። ሐሳቡ የዴቪ ነው።

ዴቪ በ1813 አንድ የመጽሐፍ ጠራዥ ረዳት አድርጎ ቀጥሮ ነበር፤ ስሙ ማይክል ፋራዴይ። ብዙ ትምህርት ቤት ያላየው ይህ ሰው በ1833 እና 1834 ነገሩን በሚዛን አስገባው። በፈሳሽ ውስጥ ያለፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ሲሆን፣ የተፈታው ወይም የተለበጠው ነገር ክብደት እጥፍ ይሆናል፤ በዚያው የኤሌክትሪክ መጠን ከተለያዩ ነገሮች የሚወጣው ክብደትም ከኬሚካላዊ ሚዛናቸው ጋር ይሄዳል። በዛሬው አነጋገር ለእያንዳንዱ ሞል ኤሌክትሮን 96,485 ኩሎም። ዛሬ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃቸውን ኤሌክትሮድ፣ አኖድ፣ ካቶድ፣ አዮንና ኤሌክትሮላይት የተባሉትን ስያሜዎች ከካምብሪጁ ሊቅ ከዊልያም ሂዌል ጋር ተማክሮ ያወጣውም በዚህ ጊዜ ነው። በ1840 ደግሞ በቮልታ ሐሳብ ላይ የመጨረሻውን መዶሻ አሳረፈ፦ መነካካት ብቻውን ኃይል የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ምንም ሳይጠፋ ከባዶ ኃይል ይፈጠር ነበር፤ ተፈጥሮ ግን በየትኛውም ቦታ እንዲህ ስትሠራ አልታየችም።

ባትሪው ራሱ እስከዚህ ጊዜ ድረስ የሚያስቸግር ዕቃ ነበር። ገና ሥራ ሲጀምር ይበረታል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይደክማል። ምክንያቱ በመዳቡ ወይም በብሩ ላይ የሚጠራቀመው የሃይድሮጂን አረፋ ነው፤ ብረቱን ሸፍኖ መንገዱን ይዘጋበታል። ይህን የፈታው በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበረው ጆን ፍሬደሪክ ዳንኤል ነው፤ በ1836 ግኝቱን ያሳወቀውም ለፋራዴይ በጻፈው ደብዳቤ ነው። ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ የሚታየው በዚህ ሴል ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልግለጸው።

ከመዳብ የተሠራ ማሰሮ ውስጥ ሰማያዊው የኮፐር ሰልፌት ብጥብጥ አለ። በመካከሉ ፈሳሽ የሚያላብ፣ ያልተለበጠ የሸክላ ዕቃ ይቆማል (ዳንኤል መጀመሪያ የተጠቀመው የበሬ ጉሮሮ ነበር)። በሸክላው ውስጥ የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ይጨመራል፤ የዚንክ ዘንግም ይነከራል። ዚንኩንና መዳቡን በሽቦ ስናገናኝ እያንዳንዱ የዚንክ አተም ሁለት ኤሌክትሮን ትቶ አዮን ሆኖ ወደ ፈሳሹ ይገባል። የተተዉት ኤሌክትሮኖች በፈሳሹ ውስጥ ማለፍ አይችሉም፤ በሽቦው ይዞራሉ፤ ዙሪያውን ሲሄዱ ነው ደወል የሚደውሉት፣ መርፌ የሚያንቀሳቅሱት። መዳቡ ጋ ሲደርሱ በፈሳሹ ውስጥ የሚጠብቋቸው የመዳብ አዮኖች ይቀበሏቸዋል፤ ሁለት ሁለት ኤሌክትሮን የተቀበለው አዮን የመዳብ ብረት ሆኖ በማሰሮው ግድግዳ ላይ ይለበጣል። ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው መዳብ ስለሆነ ሃይድሮጂን አረፋ የሚሆንበት ዕድል የለውም። ሸክላው ደግሞ ሁለቱ ፈሳሾች እንዳይቀላቀሉ ቢከለክልም አዮኖችን ያሳልፋል፤ አዮኖቹ ባይሻገሩ አንዱ ወገን አዎንታዊ ሌላው አሉታዊ ሆኖ ሁሉም ነገር በቅጽበት ይቆም ነበር።

ዚንኩ ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ ይህ ኦክሲዴሽን ነው። መዳቡ ይቀበላል፤ ይህ ሪዳክሽን ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም። የዚንክ ቁራጭ ኮፐር ሰልፌት ውስጥ በቀጥታ ብንጥል ያው ልውውጥ ይካሄዳል፤ ዚንኩ ይበላል፣ በላዩ መዳብ ይቀመጣል፣ ፈሳሹም ይሞቃል። ኃይሉ ሁሉ በሙቀት ባከነ። ሴል ማለት ሰጪውንና ተቀባዩን ለያይቶ ኤሌክትሮኑ በእኛ ሽቦ እንዲያልፍ ማስገደድ ነው። ዚንክ እዚህ ላይ ያለ ነበልባል የሚነድ ማገዶ ነው። የፋራዴይን ቁጥር ይዘን ብናሰላ 65 ግራም ያህል ዚንክ አልቆ 63 ግራም ተኩል መዳብ ይለበጣል፤ የአንድ አምፔር ፍሰትም ለ53 ሰዓት ተኩል ያህል ይገኛል፤ ግፊቱ 1.1 ቮልት ነው። የቮልታ ዚንክ የት እንደ ሄደ አሁን በሚዛን ላይ ታየ።

የዳንኤል ሴል ለቴሌግራፍ መስመሮች ተስማማ። ነገር ግን ፈሳሽ የሞላበት ዕቃ ተሸክሞ መሄድ አይቻልም። ፈረንሳዊው ዦርዥ ለክላንሼ በ1866 ዚንክን ከካርቦንና ከማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ጋር፣ በአሞኒየም ክሎራይድ ብጥብጥ ውስጥ አጣመረ፤ 1.5 ቮልት። በ1886 ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ጋስነር ብጥብጡን ከጄሶ ጋር አድርጎ አወፈረውና ዚንኩን ራሱን ዕቃ አደረገው። የማይፈስ፣ የማይደፋ ሴል ተገኘ። አገራችን የባትሪ ድንጋይ የምንለው ይህ ነው። በየገጠሩ ሬዲዮ ያሰማውና የሌሊት መንገድ ያበራው እርሱ ነው፤ ሲደክምም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የፀሐዩ ነገር ልማድ ብቻ አይደለም፦ ሙቀት በውስጡ ያሉትን አዮኖች እንቅስቃሴ ያፋጥናል፤ ለጊዜው ያንሰራራል። የተበላውን ዚንክ ግን ፀሐይ አይመልሰውም። ያረጀ ድንጋይ ሬዲዮ ውስጥ ተረስቶ ሲቀር የሚያዥና ስፕሪንጉን የሚያዝገው፣ ዚንኩ ዕቃም ማገዶም ስለሆነ ነው፤ ሲሳሳ ሲሳሳ ይበሳል።

ዚንኩን መመለስ አይቻልም ወይ የሚለውን ጥያቄ ጋስተን ፕላንቴ በ1859 በሌላ ብረት መልሶት ነበር። ሁለት የእርሳስ ዝርጎችን በመካከላቸው ጨርቅ አድርጎ ጠቀለለና ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነከራቸው። ከሌላ ባትሪ ኤሌክትሪክ ሲያስገባበት አንደኛው ዝርግ ቡናማ የእርሳስ ዳይኦክሳይድ ለበሰ፤ ምንጩን ነቅሎ ሁለቱን ሲያገናኛቸው የገባው ኤሌክትሪክ ተመልሶ ወጣ፤ 2 ቮልት ገደማ። ሲሠራ ሁለቱም ዝርግ ወደ እርሳስ ሰልፌት ይለወጣል፤ አሲዱም እየቀጠነ ይሄዳል፤ መካኒክ የአሲዱን ክብደት ለክቶ ባትሪው መውረዱን የሚያውቀው ለዚህ ነው። ቻርጅ ሲደረግ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ስድስቱን በተከታታይ ማገናኘት የመኪናችንን 12 ቮልት ይሰጣል።

የሚያስደንቀው ይህ ሁሉ ሲሠራ ኤሌክትሮን የሚባል ነገር መኖሩን ያወቀ አልነበረም። እኔ ከላይ ስለ ዳንኤል ሴል የጻፍኩትን ዳንኤል ራሱ ሊጽፈው አይችልም ነበር። በ1884 ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ባቀረበው ጽሑፍ የጨው ብጥብጥ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያስተላልፍ ያስረዳበት ሐሳብ፣ ጥቂት ቆይቶ ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ያለ ምንም ባትሪ በራሱ ወደ አዮኖች ይከፈላል ወደሚል ትምህርት አደገ። መምህራኑ ዝቅተኛ ውጤት ሰጡት፤ በ1903 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። በ1889 ቫልተር ኔርንስት የሴል ቮልት ከፈሳሾቹ ጥንካሬ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ በቀመር አስቀመጠ። በ1897 ጄ. ጄ. ቶምሰን ካምብሪጅ ውስጥ ኤሌክትሮንን አገኘ። ቮልታ ክምሩን ካቆመ ከ97 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ኦክሲዴሽን ከኦክሲጅን ጋር ብቻ የተያያዘ ነገር መሆኑ ቀረ፤ ኤሌክትሮን ማጣት ሁሉ ኦክሲዴሽን፣ መቀበል ሁሉ ሪዳክሽን ሆነ። ሶዲየም በክሎሪን ውስጥ ሲነድ ኦክሲጅን ባይኖርም ኦክሲዳይዝ ሆኗል።

ጋልቫኒም ፍርድ አገኘ፤ ይህን ብዙ ጸሐፊ ስለሚዘለው እኔ አልዘለውም። በ1952 አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ በስኩዊድ ወፍራም ነርቭ ላይ ባደረጉት ጥናት ነርቭ የራሱ ኤሌክትሪክ እንዳለው በስሌት አሳዩ። የሚሠራውም የሶዲየምና የፖታሲየም አዮኖች በነርቩ ሽፋን ወዲያና ወዲህ ሲያልፉ ነው፤ ዴቪ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያወጣቸው ሁለቱ ንጥረ ነገሮች። የእንስሳ ኤሌክትሪክ አለ ያለው የቦሎኛው መምህር አልተሳሳተም ነበር፤ የተሳሳተው የነሐሱንና የብረቱን ድርሻ በመዝለሉ ነው።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ያለው የባትሪ ታሪክ የሊቲየም ነው። ከብረቶች ሁሉ ቀላሉ እርሱ ነው፤ ኤሌክትሮኑን ለመልቀቅም ከዚንክ እጅግ ይቸኩላል። አንድ ሞል ኤሌክትሮን ለማግኘት 32.7 ግራም ዚንክ ያስፈልጋል፤ ከሊቲየም 7 ግራም እንኳ አይሞላም። በዚያ ዘመን በነበረው የዓለም የነዳጅ ቀውስ ጊዜ ስታንሊ ዊቲንግሃም በኤክሶን ኩባንያ ውስጥ ከ2 ቮልት በላይ የሚሰጥ የሊቲየም ሴል ሠራ፤ የሊቲየም ብረቱ ግን እሳት እያስነሳ አስቸገረ። በ1980 ጆን ጉዲናፍ ኦክስፎርድ ላይ ኮባልት ኦክሳይድ ሊቲየምን እንደሚያስተናግድ አሳይቶ ቮልቱን ወደ 4 አደረሰው። በዚያው ዘመን ግሬኖብል ውስጥ የሞሮኮው የፌዝ ተወላጅ ራሺድ ያዛሚ ግራፋይት ሊቲየምን አስገብቶ ሊያስወጣ እንደሚችል አረጋገጠ። አኪራ ዮሺኖ በ1985 ጃፓን ውስጥ የሊቲየም ብረቱን በካርቦን ተክቶ ደህንነቱ የተሻለ ሴል ሠራ፤ ሶኒ በ1991 ለገበያ አወጣው። በ2019 ዊቲንግሃም፣ ጉዲናፍና ዮሺኖ የኖቤል ሽልማት ሲጋሩ ጉዲናፍ 97 ዓመቱ ነበር። ያዛሚ አብሮ ባለመጠራቱ እስከዛሬ ቅር ይለኛል።

በዚህ ሴል ውስጥ የሚበላ ዝርግ የለም። ስልካችን ሲሠራ የሊቲየም አዮን ከግራፋይቱ ወጥቶ በፈሳሹ በኩል ወደ ኦክሳይዱ ይገባል፤ ኤሌክትሮኑ በስልኩ በኩል ዞሮ ይከተለዋል፤ ኮባልቱ ይቀበለዋል። ቻርጅ ስናደርግ ሁለቱም ይመለሳሉ። ከዓመታት በኋላ ስልኩ ቀኑን አልውል የሚለው፣ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት ሊቲየም በግራፋይቱ ፊት ላይ በሚበቅል ስስ ሽፋን ተይዞ ስለሚቀር ነው። ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል፤ ስለዚህ ለባትሪ ድንጋይ ለጊዜው የጠቀመው ፀሐይ ለስልክ ባትሪ ጉዳት ነው።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪኖች እየተሞላች ነው። ከወለላቸው ሥር ብዙ የሊቲየም ሴሎች ተደርድረዋል። ኮፈናቸው ሲከፈት ግን በአብዛኞቹ ውስጥ ከዋናው ባትሪ ሌላ አንድ ትንሽ ባትሪ ይገኛል፤ መብራቱንና የበሩን ቁልፍ የሚያሠራው፣ ዋናውን ባትሪ የሚያገናኘውን ማብሪያ የሚዘጋው እርሱ ነው። በብዙዎቹ ያ ባትሪ እስከ ዛሬ የፕላንቴ እርሳስና ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ እርሱ ከወረደ፣ የሊቲየሙ ባትሪ ቢሞላም መኪናው አይነሣም።